የቦኖው ቁልፍ

መቀመጥ አይሆንልኝም። ሻይ ቤት ገብቼ ወንበር ስስብ እንኳ አንድ እግሬ ወደ በሩ ነው። ዳንግላ ተወልጄ፣ እዚያው ከጋሪ ላይ ዕቃ ሳወርድና ስጭን አድጌ፣ ጫግኒ ላይ እህል፣ አዲስ ቅዳም ላይ ከሰል ሞክሬ፣ በመጨረሻ እንጅባራ ገብቼ አጣና መሸጥ ስጀምር ነው ሰው "ይሄስ አሁን ተቀመጠ" ያለኝ። አልተቀመጥኩም። ከተማው ራሱ ስለሚሄድ አብሬው እየሄድኩ ነው።

እንጅባራ ደግሞ ይሄዳል። ግቢዬን የከለልኩ ጊዜ ከቤት ሁሉ መጨረሻ ነበርኩ፤ ከአጥሬ ወዲያ ያለው የድንች ማሳና ጉም ነው። አጣና ነጋዴ መቆም ያለበት እዚያ ነው፤ ቤት ልሠራ ብሎ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ጫፍ ላይ። ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ሳላስበው መሃል ከተማ ሆኜ ተገኘሁ። ዞኑ እዚህ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው። ተማሪ ሲመጣ ክፍል የሚያከራይ መጣ፤ ክፍል የሚያከራይ ሲበዛ ጭቃ የሚያቦካ፣ ቆርቆሮ የሚመታ፣ ሽንኩርት በመደብ የሚቸረችር መጣ። አንዱ ከተማ የገባ ገበሬ ሁለት ወንድሞቹን ጠራ። ከቆላው፣ ከጫግኒ ወዲያ፣ ቤቱን ጥሎ ነፍሱን ብቻ ይዞ የመጣም አለ። ሁሉም ቋሚ ይፈልጋል፣ ሁሉም ማገር ይፈልጋል። እኔ "ከየት መጣህ" ብዬ አልጠይቅም። "ስንት ክፍል ነው" ነው የምለው። ለንግድ ስለ ሰው ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል።

ከኔ ግቢ በታች ያለውን ቁልቁለት ነባሮቹ "መጤ ሰፈር" ይሉታል። ሲሉ ደግሞ ወደኔ አያዩም። እኔም ከዳንግላ የመጣሁ ነኝ፣ ግን ቀድሜ መጣሁ። መጤነት እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ሲቆይ ይዝግና ከአገሩ አፈር ጋር መልኩ ይመሳሰላል።

ያን ሰፈር የወለደው አንድ ደላላ ነው። ሁሉም "አያ" ይለዋል፣ ከሱ የሚበልጡት ሳይቀሩ። ረጅም ካፖርት የሚለብስ፣ አለንጋ ከእጁ የማይለይ፣ ፈረስ ሲገዛና ሲሸጥ ኖሮ መሬት እንደ ፈረስ እንደማይነክስ የገባው ሰው ነው። ከባላገር ማሳ ቆርጦ ለመጤ ያሻሻጠ እሱ። መታወቂያ የሌለውን እጁን ይዞ ቀበሌ የወሰደ እሱ። የቀን ሥራ ያስገባ፣ ዋስ የሆነ፣ ሰው ሲሞት የነባሮቹ እድር "አናውቃችሁም" ሲላቸው ድንኳን ተውሶ ያስተከለ እሱ። ታዲያ ስብሰባ ሲጠራ የሰፈሩ ሰው ከማን ኋላ እንደሚቀመጥ ያውቃል። እጅ አውጡ ሲባል መጀመሪያ የአያን እጅ ያያል።

እኔም ከውለታው አልጎደልኩም። ቦታ ያሻሻጠለትን ሁሉ "አጣናህን ከዳንግላው ግዛ" ብሎ ይልክልኛል። ለፋሲካ በግ እልክለታለሁ። ስሙ ጉቦ አይደለም፤ ስሙ በግ ነው።

ውሃ ወደ ሰፈሩ የመጣውም በሱ ደጅ ጥናት ነው። የማዘጋጃ ቤቱን በር እየተመላለሰ አለዘበው። ቧንቧው ቁልቁል ወርዶ፣ ቦኖው ከሱ አጥር ጋር ተጣብቆ ተሠራ። መክፈቻው ላይ የብረት ሳጥን ተደረገ፣ ሳጥኑ ላይ ጓጉንቸር፣ የጓጉንቸሩ ቁልፍ በአያ አንገት ላይ፣ ከማተቡ ጎን። "ሰው እንዳያባክነው ነው" አለ። ያመጣው ሰው ይዞት ምን ይባላል?

ክፉ ሰው አልነበረም። ቁልፉን ግን እንደ ፈረስ ልጓም ነበር የያዘው። ተነስቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሞ፣ ቁርሱን በልቶ፣ ሰው ካነጋገረው አነጋግሮ፣ ረፋድ ላይ ይከፍታል። መጀመሪያ የሚቀዱት ትናንት በሩን ያንኳኩ ናቸው። ትናንት ያኮረፉት ደግሞ ዛሬ ውሃው ሲቀጥን ይደርሳሉ። ኧረ እንዲህ ነው ተብሎ የተነገረ ደንብ የለም፤ ጀሪካኖቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያውቁ ነበር።

ይህ ነገር ከሁሉ በላይ የጎዳው አንዲትን ልብስ አጣቢ ነው። ከቆላው ከልጆቿ ጋር የመጣች፣ ከኔ ግቢ በታች ባለች አንድ ክፍል የምትኖር ሴት ነች፤ ክፍሏን የሠራችው ከኔ በወሰደችው ጠማማ ጠማማ አጣና ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ልብስ ታጥባለች። እንጅባራ ላይ ልብስ ማጠብ ከሰማይ ጋር መደራደር ነው። ፀሐይ ብቅ የምትለው ጠዋት ነው፤ ከዚያ ጉሙ ይመለሳል፣ ከሰዓት ዝናቡ ይመጣል። በጠዋት ያልተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን ይሸታል። ቦኖው ደግሞ የሚከፈተው ረፋድ ላይ ነው። ስለዚህ በጨለማ ተነስታ ቁልቁለቱን ወርዳ ከባላገሩ ምንጭ ትቀዳለች፣ ጭቃውን እየቧጠጠች ትወጣለች። አንድ ጊዜ ከነጀሪካኗ ተንሸራትታ ወገቧን ይዟት ሰነበተች። በዚያ ሳምንት ደንበኞቿ ልብሳቸውን ወደ ሌላ ይዘው ሄዱ፤ ሲመለሱም ሁሉም አልተመለሱም።

"ክረምቱ በዚህ ከገባ እኔ እዚህ አልቆይም፣ ጋሼ" አለችኝ አንድ ቀን፣ አጥሬ ላይ አንሶላ ለመስጣት ስትለምነኝ።

"ወዴት ልትሄጅ?"

"እሱን ባውቅ እስካሁን እሄድ ነበር።"

እንዲህ እያልን ነው ማዘጋጃ ቤቱ የተለወጠው። የድሮዎቹ ተነሱ፣ አዲሶች ገቡ። አንዲት ወጣት ኃላፊ መጣች፤ ጫማዋ ጭቃ የማይፈራ፣ ድምፅዋ ቀጭን፣ "በእውቅና የሚሠራ ነገር የለም፣ በተራ ነው" የምትል። ቢሮዋ በር ላይ የተራ ቁጥር የሚታደልበት ጠረጴዛ አስቀመጠች። አያ መጀመሪያ ቀን ቁጥር ሲሰጠው ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ "ይሄ የምንድን ነው፣ የወፍጮ?" አለ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደነበረ አድርጎ ያወራዋል።

ኃላፊዋ ከዚያ ወረደችብን። ቦኖ ሁሉ በተመረጠ ኮሚቴ ይተዳደራል፣ ቁልፍ ያዡም በሕዝብ ይመረጣል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰብሰቡ ተባለ።

ልብስ አጣቢዋ በዚያው ቀን መጣች።

"ጋሼ፣ እርስዎ ይወዳደሩ።"

"ለምኑ?"

"ለቁልፉ ነዋ።"

"እኔ የራሴን ግቢ ቁልፍ በሳምንት ሁለቴ የምጥል ሰው ነኝ።"

"የጠፋ ቁልፍ ይሻላል። ጓጉንቸሩ ይሰበራል፣ ውሃው ይወርዳል።"

"ልጄ፣ እኔና አያ በግ የምንላላክ ሰዎች ነን።"

"አውቃለሁ" አለች። "በጓን ከአጥር ላይ ሆኜ ነው ያየኋት። ደህና በግ ነበረች።"

አጣና መቁጠር ጀመርኩ። ስጨነቅ አጣና እቆጥራለሁ፤ ስንት እንደሆነ ግን አይዘኝም።

ዝናብ ሲያባርረው ከላስቲኬ ሥር የሚጠለል አንድ የታሪክ መምህር ነበር፤ ሸሚዞቹን የምታጥብለት እሷው ነች። ነገሩን ሳወራው ሳቀ። "አሜሪካም እንዲህ ነበረች" አለኝ።

"መቼ?"

"ፋብሪካው የበዛ ጊዜ፣ ከመቶ ዓመት በፊት። ሰው በመርከብ ከየአገሩ ይጎርፋል፣ ከተማው ከዕለት ዕለት ይሰፋል። ከመርከብ የወረደውን የሚቀበል የሰፈር አለቃ ነበር። ሥራ ያስገኝለታል፣ ከሰል ይልክለታል፣ ሲሞት ቀብሩ ላይ ይቆማል። በምርጫ ቀን ደግሞ ድምፁን ይወስዳል።"

"አያ እንግሊዝኛ ይችል ነበር ማለት ነው።"

"ከዚያ ለውጥ ፈላጊዎች ተነሱ። ድምፅ በሚስጥር ይሰጥ፣ ሹም በፈተና ይቀጠር፣ ውሃውንና መብራቱን ከተማው ይያዝ አሉ።"

"ሆነላቸው?"

"ግማሹ።"

"አለቃውስ የት ደረሰ?"

ትከሻውን ነቀነቀና ዝናቡን አየ። "አንዳንዱ ታሰረ። አንዳንዱ ሌላ ሰፈር ሄደ። አንዳንዱ ለውጥ ፈላጊ ሆነ።"

ያን ያህል ባህር ተሻግረው ሄደው እንደኛው መሆናቸው ትንሽ አሳዘነኝ። የተሻለ ነገር የጠበቅሁላቸው ይመስለኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በድንኳን ተሰበሰብን። ድንኳኑ ያው የልቅሶ ድንኳን ነው፤ ሌላ የለንም። ኃላፊዋ ፊት ለፊት ቆመች። አያ መሃል አግዳሚ ላይ፣ አለንጋውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ልብስ አጣቢዋ ሴቶቹ መካከል። ድንኳኑን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ አጠገብ ደግሞ ሰፈሩ የተቆረሰበት መሬት ባለቤት የነበሩት ሽማግሌ ባላገር ተቀምጠዋል፤ አባ እንላቸዋለን። አገውኛ የሚያስቡና አማርኛ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ ንግግራቸው ሁሌ ትንሽ ዘግይቶ፣ ግን ተጣርቶ ይመጣል።

"ጥቆማ" አለች ኃላፊዋ።

ጋሪ የሚነዳ አንድ ሰው "አያ አለልን" አለ።

"ሌላ ጥቆማስ? ብቻውን ምርጫ አይባልም።"

አባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያቺ ልብስ አጣቢ" አሉ በጣታቸው እያመለከቱ። "ምንጬ ድረስ በጨለማ ስትወርድ ውሻዬ መጮህ ሰልችቶት ትቷታል። የውሃ ነገር ለሷ ነው የሚገባት።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ አጣና እንዳልቆጥር አጣና በአጠገቤ የለም፤ የድንኳኑን ምሰሶ አየሁ።

"አያን የምትመርጡ እጅ አውጡ" ተባለ። ሁሉም እጅ ወጣ። ኃላፊዋ ቆጥራ ፈገግ አለች፣ ያለቀ መሰላት። "እሷን የምትመርጡ?" አሁንም ሁሉም እጅ ወጣ። አያም አወጣ። ልብስ አጣቢዋም ቀደም ብላ ለአያ አውጥታ ነበር።

"አንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው ያለው" አለች ኃላፊዋ።

ጋሪ ነጂው ተነሳ። "እህቴ፣ አይቀየሙን። እሱን ብለን እሷን ብንተው ነገ በምን አይናችን እናያታለን? እሷን ብለን እሱን ብንተው ደግሞ እሱ ነው የሚያየን።"

ሳቅ ሆነ። አያም ሳቀ፣ ጥርሱ ሳይታይ።

"እሺ፣ እንግዲያው ከምትመርጡት ሰው ኋላ ተሰለፉ።" አያ ወደ ግራ ቆመ፣ ሴትዮዋን ወደ ቀኝ ገፍተው አቆሟት። ሕዝቡ ተነሳ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ተጋፋ፤ ሲረጋ ሁሉም ከአባ ኋላ ቆሞ ተገኘ። እኔም እዚያው ነበርኩ። ከመጋረጃው አጠገብ ምቹ ቦታ ነው፣ መሃል ነው፣ ማንንም አያስቀይምም።

አባ ዞር ብለው አዩን። "እኔ አልተወዳደርኩም እኮ" አሉ።

ኃላፊዋ ላብ ላብ አላት። እልኸኛ ነች ግን፤ ወደድኳት። ከጎረቤት ሁለት ማሰሮ አስመጣች፣ ከሱቅ ባቄላ አስመጣች። ማሰሮዎቹን ከመጋረጃው ወዲያ አስቀመጠች፤ ከአንዱ ጎን የአያን አለንጋ፣ ከሌላው ጎን አንድ ሳሙና። እያንዳንዳችን አንዳንድ ባቄላ ታደልን። "ብቻችሁን ትገባላችሁ፤ የምትፈልጉት ማሰሮ ውስጥ ትጥላላችሁ። ማንም አያይም፣ ማንም አያውቅም።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ማንም የማያየው ነገር ምን ደግ ይሆናል? ያን ጊዜ አባ ተነስተው መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ አስረዱ። "እንደ እጣ ነው። እጣ ሲጣል ማን ይቀየማል? አትፍሩ።"

ይህ ሁሉንም አረጋጋ። እጣ ሁሉም ያውቃል። ማሳ ሲካፈሉ፣ ቅርጫ ሲካፈሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ምልክቱን ይሰጣል፤ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ገለባ፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ። የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይጥለዋል፣ ባለቤቱ ግን የራሱን ያውቃል። ሰው እየተነሳ ከመጋረጃው ወዲያ ገባ፣ ወጣ። ፊቱ የቀለለው ብዙ ነው። እኔ ገብቼ ባቄላዬን ሳሙናው ወዳለበት ጣልኩ። ለጽድቅ አይደለም። አጣቢዋ ከሄደች መምህሩ ይሄዳል፣ መምህሩ ከሄደ ክፍል የሚያከራየው ተጨማሪ ክፍል አይሠራም፣ ክፍል ካልተሠራ አጣና ማን ይገዛል? ደግሞም አይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያንን ጭቃ ስትወጣ ድምጿ ወደ መኝታዬ ይመጣ ነበር፤ መተኛት እወዳለሁ።

ሁሉም ገብቶ ሲያበቃ ኃላፊዋ ማሰሮዎቹን አወጣችና ሰፌድ አስቀርባ የአጣቢዋን ገለበጠችው።

ባቄላ አልነበረም። ጠጠር ወረደ። የጤፍ ገለባ ቋጠሮ። የበቆሎ ቆረቆንዳ ቁራጭ። የሸሚዝ አዝራር። የፈረስ ጭራ ፀጉር። የቀርከሃ ስንጣሪ። የቆርቆሮ ሚስማር። የጥጥ ፈትል ቁራጭ። በመካከላቸው አንዲት ባቄላ፣ ጠፍታ የመጣች ትመስል ነበር።

"ባቄላዎቹ የት አሉ?" አለች ኃላፊዋ።

ሰው ሁሉ ኪሱን ያዘ። አንዲት ሴትዮ "ደህና ባቄላ ነው፣ ምን ይጣላል፣ ለዘር ይሆናል ብዬ" አለች።

ሰው ሰፌዱን አየ፣ ቀጥሎ ሰፌዱን የሚያየውን አያን አየ። ሚስጥር ነው የተባለው ድምፅ ሁሉ ስም ኖሮት እዚያ ተዘርግቷል። ያን ፀጉር ማን እንደሚነቅል፣ ያን ሚስማር ማን እንደሚመታ የማያውቅ በድንኳኑ ውስጥ ቢኖር ኃላፊዋ ብቻ ነች።

አያ ተነስቶ መጣና ሰፌዱ ጎን ቁጢጥ አለ። ጠጠሩን አነሳ። "ይች ከወንዙ ናት። የሁለቱ ወንድማማቾች። መታወቂያ ያወጣሁላቸው።" አስቀመጣት። ፀጉሩን አነሳ። "ይሄ የጋሪው ነው። ጥቁር ሰንጋ ፈረስ፣ እኔ ነኝ የገዛሁለት።" ጋሪ ነጂው መሬት መሬት አየ። ሚስማሩን፣ አዝራሩን፣ ስንጣሪውን አንድ በአንድ አነሳ፤ የየትኛው ቤት እንደሆነ፣ መቼ እንደመጡ፣ የትኛውን ልቅሶ አብሯቸው እንደቆመ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ፈትሉ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቤቱ ውስጥ እንዝርት የምታሾረው ሚስቱ ነች። ፈትሉን በጣቱ ወደ ዳር ገፋው። ይህን ሁሉም አየ።

"ባቄላዋ ደግሞ" አለ ቀና ሳይል፣ "የዳንግላው ናት። ምልክት የሌለው ሰው እዚህ እሱ ብቻ ነው።"

በሚስጥር የመረጥኩ እኔ፣ ከሁሉ ይልቅ የታወቅሁት እኔ ሆንኩ። መቀመጫዬ ተቃጠለ።

"ይህ አይሠራም" አለች ኃላፊዋ፣ ፊቷ ቀልቶ። "ሚስጥራዊነቱ ተጥሷል። በባቄላ ይደገማል።"

ሴትዮዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚህ በኋላ ቢደገም ማን ደፍሮ ሳሙናው ጋ ይጥላል? የአጣቢዋ ነገር እዚያች ላይ ያለቀ መሰለኝ። ክረምቱ ቀርቧል።

"ቆይ፣ የኔንም ይገልበጡልኝ" አለ አያ።

ተገለበጠ። ጥቂት ጠጠር፣ ጥቂት ገለባ፤ ብዙ አይደለም። አንድ ባቄላ። እና የጣት ጥፍር የምታህል፣ ያለቀች የሳሙና ቁራጭ።

አያ ሳሙናዋን አንስቶ አሸተታት። ወደ ሴትዮዋ ዞረ። "አንች ነሽ?"

"አዎ አያ።"

"እኔን ነው የመረጥሽ?"

"እንዴ" አለች፣ ጥያቄው ግር ብሏት። "ታዲያ ራሴን ልምረጥ? ነውር አይደለም?"

ሰው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ሰፌዱ አየ። በአያ ማሰሮ ውስጥ ወደነበረችው ባቄላ። ከኔ ሌላ ባቄላውን ያልቆጠበ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከተማ ወጥቶ ወርዶ የምርጫን ወግ የሚያውቅ፣ ምልክቱን መግለጥ ያልፈለገ ሰው። ማንም ስሙን አልጠራም። ሕጉም ራስን መምረጥ አይከለክልም። ግን ሰፈሩ ሕጉን አልነበረም የሚያየው።

አያ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ ጥርሱ እየታየ። ባቄላዋን አንስቶ አፉ ውስጥ ጣላትና ቆረጠማት። ከዚያ ክሩን ከአንገቱ አወጣ፤ ከማተቡ ጋር ተጠላልፎ ለመፍታት ትንሽ አስቸገረው፣ ማንም ሊያግዘው አልደፈረም። ቁልፉን ሰፌዱ ላይ አኖረ።

"ምንም አይደገምም፣ ልጄ" አላት ኃላፊዋን። "ከዚህ የበለጠ ምን ድምፅ አለ?"

"ሚስጥር አይደለም እኮ" አለች።

አባ ገቡበት። "ሚስጥሩ ለሚፈራ ነው። እነዚህ ፈርተው ነበር፣ አሁን ፍርሃቱ ያለፈላቸው ይመስለኛል።"

ኃላፊዋ ሰፌዱን አየች፣ ሰውን አየች፣ እስክሪብቶዋን አወጣች። በኋላ ምን ብላ እንደጻፈች ጠየቅኋት። "በሙሉ ድምፅ" ብላ ነው። ለውጥ ያመጣ ሰውም እጁ ሲያጥር እንዲህ ነው የሚጽፈው።

ሲወጣ አያ ልብስ አጣቢዋ ፊት ቆመ። "ቁልፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። ምጥ ሲመጣ አንችን ነው የሚያንኳኩ። መታወቂያ ሲጠፋ አንችን። ድንኳን ሲፈለግ አንችን።"

"እኔ ውሃ ነው የምከፍተው፣ አያ" አለች። "ድንኳኑን አብረን እንተክላለን።"

ሌሊት ሳይነጋ ወደ ምንጩ ስትወርድበት በነበረው ሰዓት ላይ ቦኖው ይከፈት ጀመር። ፀሐይ ብቅ ስትል አንሶላ በየአጥሩ ተሰጥቶ ያደረ ይመስላል፤ አጥሬም አልቀረም። ክረምቱ ገባ፣ እሷም አለች፤ ደንበኞቿም ተመለሱ። የታሪክ መምህሩ ሸሚዝ ነጭ ሆነ። ለኔ ግን ነገሩ አልበረደም። ከዚያ እሑድ ወዲህ "ከዳንግላው ግዛ" ተብሎ የሚላክልኝ ሰው ቀጠነ። አያ በሌላው ጫፍ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወዲያ፣ ከሌላ ባላገር ጋር ማሳ ሲለካ ታየ ተባለ፤ እዚያም ድንኳን የሌላቸው ሰዎች መጥተዋል። አጣናዬን ጭኜ ወደዚያ ልሂድ እያልኩ ጋሪ ነጂውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዋጋ ጠየቅሁት። ሁለት ሦስት ጊዜ ተውኩት። አንዱ እግሬ ያው ወደ በሩ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ጉሙ ገና ሳይገለጥ፣ ቦኖው ጋ ተሰልፌ ነበር፤ መጨረሻ ነኝ፣ እንደ ልማዴ አርፍጄ። አያ በቁልቁለቱ መጣ። አለንጋው የለም፤ በእጁ ጀሪካን ይዟል። ራሱ ሲቀዳ ማንም አይቶት አያውቅም። ለምን እንደመጣ የጠየቀው የለም።

ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። "ይቅደሙ አያ። ይቅደሙ እባክዎ።" ጋሪ ነጂው የራሱን ጀሪካን ከቧንቧው ሥር እየሳበ ነበር። አያ አልተንቀሳቀሰም። ልብስ አጣቢዋን ነበር የሚያያት፣ የምትለውን ሊሰማ።

እሷ እጇ መክፈቻው ላይ ነው። ውሃው መውረዱን አቁሟል። ዛሬ እሱን ካስቀደመች ነገ ሌላ ሽማግሌ አለ፣ ከነገ ወዲያ የኃላፊ ዘመድ አለ፣ ከዚያ በበግ የሚመጣ አለ፤ ቁልፉ በአንገቷ ላይ ይቀርና ቦኖው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን እሷም ታውቃለች፣ ጀሪካን የያዘ ሁሉ ያውቃል። ግን በዚያ ጉም ውስጥ አፍ አውጥቶ ለሽማግሌ "አይሆንም" ማለት ምን እንደሚከብድ የሚያውቀው እዚህ ያደገ ነው።

"እንደምን አደሩ አያ" አለች።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ተራው ከጋሼ ኋላ ነው።"

አያ መጥቶ ጀሪካኑን ከጀሪካኔ ኋላ አስቀመጠ። ካፖርቱ የእርጥብ ሱፍ ይሸታል።

"ዳንግላው" አለኝ በጆሮዬ፣ "ጀሪካንህ ትልቅ ናት።"

"ትልቅ ናት፣ አያ።"

"ውሃውም ዛሬ ቀጥኗል።"

"ቀጥኗል።"

ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ "እርስዎ ይቅደሙ" የሚለው። አንድ እግሬ እንደለመደው ወደ ዳር ወጥቷል። ቀና ስል ልብስ አጣቢዋ ቧንቧውን ከፍታ፣ ከሰልፉ ሁሉ እኔን ታያለች።

እግሬን መለስኩት። ፊት ያለው ሰው ቀድቶ ሲሄድ ጀሪካኔን ገፋ አደረግሁና ቆምኩ።